ሥጋና ነጻነት፦ የለንደን ወዳጆች የ132 ዓመት ገበታ

በ1808 የጸደይ ቅዳሜዎች፣ ለንደን ውስጥ በኮቨንት ጋርደን ቲያትር ቤት፣ የንጉሥ ልጅ ወይን ያሳልፉ ነበር።

ልዑል ኦገስተስ ፍሬደሪክ የሰሴክስ መስፍን ናቸው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ የሳልሳዊ ጆርጅ ስድስተኛ ወንድ ልጅ። በሌላው ቀን ዋንጫቸውን የሚሞላላቸው አሽከር አያጡም። ቅዳሜ ግን ከባልንጀሮቻቸው ሁሉ ቀድመው ይመጣሉ፤ ጠርሙሱን ከማከማቻው ያወጣሉ፤ አተላው እንዳይከተል ቀስ እያሉ ወደ መቅጃው ያንቆረቁራሉ። ገበታው ከሞቀ በኋላም ወይን ጎደለ በተባለ ቁጥር የሚነሡት እርሳቸው ናቸው። የሚታዘዟቸው ሰዎች መኳንንት ብቻ አልነበሩም፤ የቲያትር ሰው አለበት፣ ጠበቃ አለበት፣ ነጋዴ አለበት። ማንም «ኧረ ልዑል ሆይ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አይላቸውም። በኤፕሪል አባል ሆነው ገብተዋል፤ ከእርሳቸው ወዲህ የገባ የለም፤ ስለዚህ ሥራው የእርሳቸው ነው። ሌላ አዲስ አባል ተመርጦ የተካቸው በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1809 ነበር።

ማኅበሩ «ሰብላይም ሶሳይቲ ኦፍ ቢፍ ስቴክስ» ይባላል፤ የከበረው የስቴክ ማኅበር እንደ ማለት ነው። በ1735 ተመሠርቶ እስከ 1867 ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አባላቱ ከኖቬምበር እስከ ጁን ባሉት ወራት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እየተሰበሰቡ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ በሉ፤ አባት ሲያልፍ ሌላ ትውልድ እየተተካ 132 ዓመት በሉ። ጓደኞቹን በወር አንዴ ለማገናኘት ስልክ ሲደውል የዋለ ሰው ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አይነገረውም። ሁሉም ይናፍቃል፣ ሁሉም «እንገናኝ እንጂ» ይላል፣ ቀኑ ሲደርስ ግን አንዱ ሥራ አለበት፣ አንዱ ልቅሶ አለበት፣ አንዱ መኪናው ተበላሽታለች።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን አጸናቸው? ሥጋው ይጣፍጥ ስለነበር ነው የሚለው መልስ አይበቃኝም። ጥሩ ሥጋ ለንደን ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ይገኝ ነበር። ታሪካቸውን ሳነብ ደጋግሜ የምደርስበት ሌላ ነገር ነው፤ ያጸናቸው ሕጋቸው ነው፤ ያውም ትልቁን ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሕግ።

መጀመሪያው እንዲህ ነው። ጆን ሪች የሚባል ሰው ነበር፤ በመድረክ ላይ አንድ ቃል ሳይናገር በአካሉ እንቅስቃሴ ብቻ ሕዝብ የሚያስቅ ተዋናይ፣ የቲያትር ቤት አስተዳዳሪም። በ1728 «የለማኞቹ ኦፔራ» የተባለውን የጆን ጌይን ድርሰት መድረክ ላይ አውጥቶ ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ በ1732 ኮቨንት ጋርደን ላይ አዲስ ቲያትር ቤት ከፈተ። የመድረኩን ትዕይንት የሚሥልለት ጆርጅ ላምበርት ደግሞ በሥራ የተጠመደ ሰው ነው። ለምሳ ወጥቶ የሚመለስበት ጊዜ ስለማያገኝ፣ የሥዕል ክፍሉን በሚያሞቀው እሳት ላይ ስቴኩን ራሱ ይጠብሳል። ሊያዩት የመጡ ወዳጆች ሽታው ይይዛቸዋል፤ አንድ ቁራጭ ይቀምሳሉ፤ በሌላ ቀን ደግሞ የራሳቸውን ሥጋ ይዘው ይመጣሉ። ሌላም ትረካ አለ፤ እሳቱ የሪች ነው፣ የመጀመሪያውም እንግዳ የፒተርቦሮው ጌታ የሚባሉ ያረጁ የጦር አዛዥ ናቸው የሚል። የትኛውም ቢሆን ነገሩ የተወለደው ቀለምና ሸራ በሞላበት የሥራ ክፍል ነው። ጌቶች በአዳራሻቸው ያቋቋሙት ማኅበር አይደለም፤ ሠራተኛ ሰው ሲርበው በጠበሰው ሥጋ ዙሪያ የተሰበሰበ ነው። ይህ አጀማመሩ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

አባላቱ ሃያ አራት እንዲሆኑ ተወሰነ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት ነው። ቁጥሩ እንዳይበልጥ አጥብቀው ጠበቁት፤ በ1785 የዌልሱ ልዑል፣ ኋላ ራብዓዊ ጆርጅ ተብለው የነገሡት፣ ልግባ ባሉ ጊዜ ክፍት ቦታ ስላልነበረ ቁጥሩን ወደ ሃያ አምስት ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ለአልጋ ወራሽ የጨመሩት አንዲት ወንበር ናት።

ምግቡን ልንገራችሁ። ስቴክ ማለት ወፍራም ሆኖ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ነው፤ ቅቤም ሽንኩርትም ሳይገባበት በቀጥታ ከፍም በላይ በተዘረጋ የብረት ፍርግርግ ላይ ይጠበሳል። እኛ በምጣድ የምናቁላላውን ጥብስ ለለመደ ሰው ባዶ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ኃይለኛ እሳት ያገኘው የሥጋው ገጽ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል፤ በሥጋው ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀቱ ተዋሕደው ያን የሚያስጎመጅ ሽታና ቡናማ ቅርፊት ይፈጥራሉ። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሰው ሉዊ ካሚል ማያር ይህን ሂደት በ1912 አጥንቶ ስለጻፈ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ላምበርት ግን የሚያውቀው ይህን ነው፤ ፍሙ ይንደድ፣ ሥጋው ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ፣ ሳይቀዘቅዝ ይበላ። ማኅበርተኞቹም በጋለ የቆርቆሮ ሳህን ላይ እየተደረገ አንድ በአንድ ከእሳቱ ወደ ገበታው ሲመጣላቸው ይበሉ ነበር። አጃቢው ሽንኩርት፣ ድንች፣ በመጨረሻም በዳቦ ላይ የተጠበሰ አይብ ነው። መጠጡ ፖርት የሚባለው ወይንና ጥቁር ቢራ። ሌላ ምግብ የለም። ዶሮ አምሮኛል፣ ዓሣ ይሻለኛል የሚል ሰው ቦታ የለውም።

ያን ጊዜ የበሬ ሥጋ ለእንግሊዝ ሰው ከምግብም በላይ ነበር። በሬዎቹ ከስኮትላንድና ከዌልስ ሳምንታት በእግራቸው ተነድተው ይመጣሉ፤ በምሥራቅ እንግሊዝ የግጦሽ መስክ ላይ ይሰባሉ፤ ከዚያ መሐል ለንደን ወዳለው ስሚዝፊልድ ገበያ ይገባሉ። ይህ የቁም ከብት ገበያ እስከ 1855 ድረስ በከተማዋ እምብርት ነበር፤ በገበያ ቀን በሬው ከሰውና ከሠረገላው ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ሆጋርት በ1748 በሣለው ዝነኛ ሥዕል የፈረንሳይዋን የካሌ ከተማ በር መሐል አድርጎ፣ ለእንግሊዞች ማረፊያ የተላከ አንድ ግዙፍ የበሬ ሥጋ የተሸከመ ሰው ያሳያል፤ ዙሪያውን የከሱ የፈረንሳይ ወታደሮች ሾርባቸውን ይዘው በዓይናቸው ይበሉታል። ሆጋርት ካሌ ውስጥ ያን በር ሲነድፍ እንደ ሰላይ ተይዞ ነበርና ቂሙንም ጨምሮበታል። ስለዚህ የስቴኩ ማኅበር «ሥጋና ነጻነት» የሚል መፈክር ሲይዝ ለማላገጥ ብቻ አልነበረም። በነሱ አስተሳሰብ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ በጌታ ፊት የማይንበረከክ ሕዝብ ነው። ይህ አባባል ዕውነት ነው ብዬ አልከራከርላቸውም፤ እነሱ ግን አምነውበት በልብሳቸው ቁልፍ ላይ አስቀርጸውታል። ሰማያዊ ኮትና ሰደርያ ይለብሳሉ፤ በነሐሱ ቁልፍ ላይ የመጥበሻው ፍርግርግ ምስል ከመፈክሩ ጋር ተቀርጿል።

ሕጉ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይደምቃል። በየሳምንቱ የገበታው መሪ ከአባላቱ መካከል በተራ ይሆናል። መሪው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ክብር አለው፤ አጠገቡም ባለ ላባ ባርኔጣ ተሰቅሎለታል፤ ውሳኔ ለማሳለፍ ሲፈልግ ያን ባርኔጣ ካላደረገ ቃሉ አይጸናም። ነገር ግን ሁሉም ሲያሾፍበት ዝም ብሎ ይሰማል። «ጳጳስ» የሚባል አለ፤ የምግቡን ጸሎት በዜማ ያሰማል። «ሬኮርደር» የሚባል ደግሞ አለ፤ ሥራው ያጠፋውንም ያላጠፋውንም አባል መውቀስ ነው። ቅጣት የተፈረደበት ሰው ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ፣ ጦር በያዙ ባልንጀሮቹ ታጅቦ ይገባና ቆሞ የተግሣጹን ንግግር ይሰማል። ከዚያ ይቅር ተብሎ ወንበሩ ይመለስለታል። ከሁሉ በታች «ቡትስ» ይገኛል፤ የመጨረሻው ገቢ፣ ወይን አውጪ፣ ታዛዥ። የሰሴክሱ መስፍን የተቀመጡት በዚህ ቦታ ነው።

አዲስ አባል ሲገባ ዓይኑ ታስሮ ይቀርባል። «ጳጳሱ» የማዕረግ ቆቡን ደፍቶ ቃለ መሐላውን ያስነብበዋል፤ በየሳምንቱ ሳያጓድል ሊመጣ፣ የማኅበሩን ሕግ ሊያከብር፣ አዲስ ልማድ እንዳይገባ ሊከላከል ይምላል። መጽሐፉን ሊስም ጎንበስ ሲል ግን ከንፈሩ ዘንድ የሚያደርሱለት የበሬ አጥንት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን የጎልማሶች ጨዋታ ብሎ ያልፈዋል። እኔ በጨዋታው ውስጥ ጥበብ ይታየኛል። አንድ ጊዜ በወዳጆቹ ፊት አጥንት የሳመ፣ አንድ ዓመት ወይን ያወጣ ሰው ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ የሚኮራበት ምንም ነገር የለውም፤ ስለዚህ በምቾት ይቀመጣል። መሐላውም ዋና ነገሩ መምጣት ነው። ወዳጅነትን የሚያፈርሰው ጠብ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን የሚያፈርሰው መቅረት ነው።

የእኛ ሰው ግብርን ያስብ ይሆናል። በነገሥታቱ አዳራሽ የበሬው ብልት እንደ ማዕረጉ ይታደል ነበር፤ የትኛው ብልት ለየትኛው ሹም እንደሚደርስ ሥርዓት አለው፤ ሥጋው ራሱ ማን ከማን እንደሚበልጥ ይናገራል። የለንደኖቹ ተቃራኒውን አደረጉ፤ ለመስፍኑም ለሠዓሊውም አንድ ዓይነት ቁራጭ። ለነሱ የሚቀርበው ልማዳችን ቅርጫ ነው። ጓደኛማቾች አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ በሬው ታርዶ ከየብልቱ በእኩል መደብ መደብ ይደረግና ዕጣ ይጣላል፤ ዳኛም ይሁን ዘበኛ የደረሰውን ይዞ ይሄዳል። ጓደኞች በሥጋ ዙሪያ ለመክረም ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚፈቱት ጥያቄ የትም አገር አንድ ይመስለኛል፤ ማን ትልቁን ይወስዳል?

ሕጉ ከባዱን ፈተና ያገኘው በ1763 ነው። ጆን ዊልክስ ከ1754 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ነበር፤ የፓርላማ ሰው፣ ጋዜጣ አዘጋጅ፣ የማይታክት ተሳዳቢ። በ1763 በጋዜጣው 45ኛ ዕትም የንጉሡን ንግግር ነቅፎ በመጻፉ ታሰረ። መንግሥት ሊያጠፋው መንገድ ሲፈልግ፣ በኖቬምበር ወር የሳንድዊች ጌታ በጌቶች ምክር ቤት ተነሥቶ ከዊልክስ ጓዳ የተገኘ ጸያፍ ግጥም አነበበበት። ሳንድዊች፣ ዛሬ ዳቦ በሥጋ ስንበላ ስሙን የምንጠራለት ሰው፣ ራሱ የማኅበሩ አባል ነው፤ ከዊልክስ ጋር ሲጠጣና ሲዘል የኖረ፣ በጸያፍ ነገርም ከማንም የማያንስ። ለንደን የተቆጣችው በግጥሙ አይደለም፤ ከአንድ ገበታ የበላ ሰው ባልንጀራውን አሳልፎ በመስጠቱ ነው። ጸሐፊው ሆራስ ዋልፖል በጊዜው እንደጻፈው የስቴኩ ማኅበር ሳንድዊችን አባረረው። በዚያው ሰሞን «የለማኞቹ ኦፔራ» ኮቨንት ጋርደን ላይ እየታየ ነበር፤ ጀግናው ወንበዴ፣ ጄሚ ትዊቸር የሚባለው ጓደኛው ከሁሉ ይልቅ እርሱ ይከዳኛል ብዬ አላሰብኩም የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሁሉም ማን እንደተባለ ገብቶታል። ሳንድዊች እስከ ዕለተ ሞቱ «ጄሚ ትዊቸር» ተብሎ ቀረ።

ጥፋተኛው የመንግሥት ሚኒስትር ነበር፤ ተከሳሹ ዕዳ ያለበት ጋዜጠኛ። ማኅበሩ ከጋዜጠኛው ጋር ቆመ። ቁልፉ ላይ ያለው «ነጻነት» የሚለው ቃል ዋጋ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ 1735 ልመልሳችሁ፤ እኛን የሚነካ ነገር አለ። የስቴኩ ማኅበር በተመሠረተበት በዚያው ዓመት፣ ገና ስሙ ያልታወቀ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። ወጣቱ ኋላ ዝነኛ ደራሲ የሆነው ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ መጽሐፉ ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ቄስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ያየውን የጻፈበት ነው። ጆንሰን ከፈረንሳይኛ መልሶታል፤ የተከፈለው አምስት ጊኒ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሀበሻ ሰው ወዳጁን ሲጋብዝ በሬ አርዶ፣ ገና ትኩስ የሆነውን ጥሬ ሥጋ በጨውና በበርበሬ ገበታ ላይ እንደሚያቀርብ፣ ከግብዣ ሁሉ የሚከበረውም ይኸው እንደሆነ ሰፍሯል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የእንግሊዝ አንባቢ የሀበሾችን ቁርጥ በመጽሐፍ አነበበ፤ ኮቨንት ጋርደን ላይ ደግሞ የራሱ ሰዎች ስቴክ እየጠበሱ ማኅበር አቆሙ። ሁለቱ ወገኖች አይተዋወቁም። ያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ ወዳጅን ማክበር ከተፈለገ በሬ ይታረዳል።

ኋላ ጄምስ ብሩስ መጣ። ስኮትላንዳዊው ብሩስ በ1769 በምጽዋ ገብቶ ጎንደር ከረመ፤ መጽሐፉን ያወጣው በ1790 ነው። ከቁሟ ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ብሎ በመጻፉ ለንደን ሳቀችበት፤ ውሸታም ተባለ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፍራንሲስ ሄድ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን በዘመዱ ቤት ተጋብዞ ሳለ አንዱ እንግዳ «የሀበሻ ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል መባሉ የማይሆን ነገር ነው» አለ። ብሩስ መልስ ሳይሰጥ ወጣ። ሲመለስ በእኛ ወግ ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት ጥሬ ስቴክ ይዞ ነበር፤ ከሰውየው ፊት አስቀመጠና ወይ ይህን ትበላለህ ወይ ከእኔ ጋር ትጋጠማለህ አለው። ሰውየው በላ። ብሩስ ቁመቱ ግዙፍ ነበርና ምርጫው ከባድ አልነበረም።

ስለ ጥሬውና ስለ ጥብሱ ይህን ማከል እወዳለሁ። በሬ ከታረደ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው ይገተራል። ቁርጥ ከዚያ በፊት፣ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ ሲበላ ይለሰልሳል፤ ቁርጥ ወዳድ ሥጋ ቤት ማልዶ የሚሄደውም ለዚህ ነው። የስቴክ አዋቂዎች ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ መረጡ፤ የተገተረው እስኪላላ ይጠብቃሉ። ዛሬ ታላላቆቹ የአሜሪካ ስቴክ ቤቶች ሥጋውን ከነአጥንቱ ለበረዶነት በሚቃረብ ቅዝቃዜ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት ሳምንት ያቆዩታል። በሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች የጡንቻውን ቀጫጭን ክሮች ይበጣጥሳሉ፤ ውኃው ይተናል፣ ጣዕሙ ይጠነክራል፤ የደረቀው ላይኛው ሽፋን ተገፎ ይጣላል። አንደኛው ወገን ይቸኩላል፣ ሌላኛው ይታገሣል፤ የሁለቱም ድካም ለስላሳ ጉርሻ ነው።

ወደ ለንደን ልመለስ፤ ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። በሴፕቴምበር 20 ቀን 1808 ኮቨንት ጋርደን ቲያትር ቤት ሲጋይ እሳቱን ሊያጠፉ የገቡ 23 ሰዎች ሞቱ፤ የታላቁ ሙዚቀኛ የሃንደል ኦርጋን ነደደ፤ የማኅበሩም የወይን ክምችትና መዝገብ አብሮ ጠፋ። ከአመዱ ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው የብረት ፍርግርግ ነው። ቤድፎርድ ወደሚባለው ቡና ቤት ተሰደዱ፤ በዓመቱ ላይሲየም ቲያትር ቤት ተቀበላቸው። እሱም በ1830 ተቃጠለ። ፍርግርጉ እንደገና ተረፈ። ኋላ ላይሲየም ታድሶ ሲመለሱ በባሉጥ እንጨት በተለበጠ ክፍላቸው ኮርኒስ ላይ ሰቀሉት፤ ከወጥ ቤቱ የሚለያቸውንም በር በዚያው ፍርግርግ ቅርጽ አሠሩት፤ ቀይ ፍሙንና ነጭ የለበሱትን ወጥ ሠሪዎች እያዩ እንዲበሉ።

ከአባላቱ ሁሉ እኔ የምወደው ሻምበል ቻርልስ ሞሪስን ነው። በ1785 ገባ፤ ዘፈን ደራሲ ነበር፤ ፓንች የሚባለውን የቅመም መጠጥ የሚያዘጋጀውም እርሱ ነው። አርባ ስድስት ዓመት በዚያ ገበታ ላይ ዘፈነ። ገንዘብ አልነበረውም። ከአባላቱ አንዱ የኖርፎክ መስፍን ነበሩ፤ በእርጅናው የሚያርፍበት በሰሪ አውራጃ ብሮክሃም ላይ ቤት ሰጡት። በ1831፣ በሰማንያ ስድስት ዓመቱ፣ የስንብት ዜማውን አሰምቶ ወጣ። ግን አልቻለም፤ በ1835 ተመልሶ መጣ፤ ወዳጆቹም ትልቅ የብር ጎድጓዳ ሳህን ሸለሙት። የሞተው በ1838 ነው። ሰዎች ስለዚህ ማኅበር ሲጽፉ የልዑላኑን ስም ያስቀድማሉ፤ ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው ግን እንደ ሞሪስ ያለው ሰው ነው፤ በየሳምንቱ የሚመጣው።

በ1867 ማኅበሩ ተዘጋ፤ በ1869 ዕቃው ክሪስቲስ በተባለው የጨረታ ቤት ተሸጠ። ጠብ አልነበረም፣ ቅሌት አልነበረም። ለንደን በየምሽቱ ክፍት በሆኑ የጌቶች ክለቦች ተሞልታ ነበር፤ የሚበላበት ሰዓት ከቀን ወደ ማታ ገፍቷል። ቅዳሜን ብቻ፣ ስቴክን ብቻ፣ ሃያ አራት ሰውን ብቻ የሚል ሕግ የሚሸከም አዲስ ሰው እየሳሳ ሄደ። በ1876 የተመሠረተው ሌላው የቢፍስቴክ ክለብ ዛሬም ለንደን ኧርቪንግ ጎዳና ላይ አለ፤ አባላቱ በአንድ ረጅም ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ የመጣ ሰው ክፍት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጎረቤቱን አይመርጥም። አስተናጋጆቹ ሁሉ «ቻርልስ» ተብለው ይጠራሉ። የጥንቱም ማኅበር ስሙ በ1966 እንደገና ተነሥቷል።

እሳቱ ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር፤ የተሻገረውም በቲያትር ሰዎች ነው። በለንደን ተዋናዮች የተቋቋመው «ላምብስ» የተባለ ማኅበር በ1874 ኒውዮርክ ላይ ቅርንጫፍ አወጣ። የዚያ ማኅበር ሰው የነበረው አልበርት ኪን በ1885 የራሱን ቤት ከፈተ፤ ኪንስ ይባላል፤ ዛሬም በማንሃተን 36ኛው ጎዳና ይሠራል። ከአጠገቡ ካለው ቲያትር ቤት ተዋናዮች ፊታቸውን እንደተኳሉ በጓሮ በር እየሮጡ መጥተው በትዕይንት መሐል ይበሉ ነበር። ኮርኒሱ ላይ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ረጃጅም የሸክላ ፒፓዎች ተደርድረዋል፤ ደንበኛው ፒፓውን እዚያው ትቶት ይሄድ ነበር፤ ሲመለስ ይሰጡት ነበር። ፒፓን ማስቀመጥ እመለሳለሁ ማለት ነበር። በብሩክሊን ደግሞ ከ1887 ጀምሮ ፒተር ሉገር አለ። ቤቱ በ1950 ለጨረታ ሲቀርብ የገዛው ሶል ፎርማን ፋብሪካው ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ደንበኞቹን የሚጋብዘው እዚያ ስለነበር እንዳይዘጋበት ብሎ ገዛው። እዚያ ስቴኩ የሚታዘዘው ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ሰው ተብሎ ነው፤ በአጥንቱ አንድ ወገን ፊሌቶው፣ በሌላው ወገን ሽንጡ ያለበት ትልቅ ቁራጭ ተቆራርጦ በአንድ ሳህን መሐል ላይ ይቀመጥና ሁሉም ከዚያ ያነሣል። ይህ ለእኛ ሰው አይከብድም።

ኒውዮርክ ከዚህም ሌላ «ቢፍስቴክ» የሚሉት ግብዣ ነበራት፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ። ሰዎቹ በምድር ቤት ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ፤ ነጭ ሽርጥ ይታጠቃሉ፤ ሹካም ቢላም የለም፤ በቅቤ የራሰው ሥጋ በዳቦ ላይ ተደርጎ ይመጣል፣ በእጅ ይበላል፣ ቢራው ያለ ልክ ይቀዳል። ጸሐፊው ጆሴፍ ሚቸል በ1939 በኒውዮርከር መጽሔት ላይ ስለዚህ ግብዣ የጻፈው ዘገባ ዛሬም ይነበባል።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የማልቀበለው ነገር አለ። ነጻነት እያሉ አንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የጮኹት ወንዶች አንዲት ሴት አባል አላደረጉም። የንጉሥን ልጅ ወይን ያስወጣ ሕግ፣ በዚያው ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ገንዘቡን የምታስገባላቸውን ተዋናይት ግን ከገበታው አላደረሳትም። ኪንስም ለወንድ ብቻ ነበር። በ1905 ሊሊ ላንግትሪ፣ ብሪታኒያዊቷ ተዋናይት፣ አላስገባ ያላትን ቤት ፍርድ ቤት አቆመችው፤ ረታች። ቤቱ ራሱ ዛሬ በኩራት እንደሚተርከው በላባ አጊጣ ገባችና ኪንስ የታወቀበትን የበግ ሥጋ አዘዘች። የአሜሪካ ሴቶች በ1920 የመምረጥ መብት ካገኙ በኋላ ደግሞ ፖለቲከኞች ለድጋፍ ማሰባሰቢያ የሚያዘጋጁት «ቢፍስቴክ» በሩን ከፈተላቸው። ሚቸል በሴቶቹ መምጣት ሥርዓቱ እንደላላ፣ የዳንስ ሙዚቃና የፍራፍሬ ሳህን እንደገባበት ጽፏል። ይላላ! ግብዣው ኒውዮርክ ላይ ሲከስም ከወንዙ ማዶ ኒውጀርሲ ውስጥ፣ ክሊፍተንና አካባቢዋ፣ ሥር ሰዷል። እዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የሰፈር ማኅበራት ለዕርዳታ ገንዘብ ሲያሰባስቡ «ቢፍስቴክ» ይደግሳሉ፤ ወንዱም ሴቱም ሽርጥ ታጥቆ ሥጋውን ከዳቦው ላይ እያነሣ ይበላል፤ ዳቦውን ግን አይበላም፣ ማን ስንት እንደበላ እንዲቆጠር ከፊቱ ይደረድረዋል።